ከቃል ትምህርት እስከ ማትሪክ



የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በሚቃረብበት ወራት በኮልፌ በኩል ወደ ማታ ገደማ የሚያልፍ ሰው አንድ ነገር ሳይመለከት አይቀርም። የወላጆቻቸው ቤት የጠበባቸው ተማሪዎች ደብተራቸውን ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየመስጊዱ አጠገብ፣ ሲመሽም በመንገድ መብራት ሥር ሆነው ያጠናሉ። ቀረብ ብሎ ላስተዋላቸው ሁለት ዓይነት ናቸው። የአንዳንዶቹ ዓይን ብቻ በገጹ ላይ ይመላለሳል፤ ሌሎቹ ግን መጽሐፉን ከድነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከሁለቱ የትኛው የበለጠ ይዞ ወደ ፈተናው እንደሚገባ ለማወቅ፣ የአገራችንን የጥናት ታሪክ ጥቂት ወደ ኋላ ተመልሶ መመርመር ይጠቅማል። ዓመታቱን የምጠራው በእኛው አቆጣጠር ነው።

በቀድሞው ዘመን ሕፃን ከፊደል ተነሥቶ አቡጊዳውን፣ መልእክተ ዮሐንስን፣ በመጨረሻም ዳዊቱን ይማር ነበር። የቀኑ ብርሃን ለንባብ ነው፤ ሲመሽ ግን ለንባብ የሚበቃ መብራት ስለሌለ የቃል ትምህርት ይጀመራል። መምህሩ ይናገራል፤ ልጁ ተቀብሎ ይመልሳል፤ ቢስት ይታረማል፤ በማግሥቱም አዲሱን ከመቀበሉ በፊት የትናንቱን ያሰማል። በዜማ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ተማሪው በቀጸላ የተቀበለውን በክለሳ እየመላለሰ ያጸናዋል፤ የድጓ ዕውቀቱ በጋይንት ቤተ ልሔም እስኪመሰከርለት ድረስ ብዙ ዓመት ያልፋል። በቁርአን ትምህርት ቤት ደግሞ ልጁ ሎህ በተባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ የተጻፈለትን በቃሉ ለመምህሩ ካሰማ በኋላ ሰሌዳው ታጥቦ አዲስ ይጻፍለታል። ከታጠበ ወዲያ ልጁ ተመልሶ የሚያየው ነገር የለም፤ የቀረለት በልቡ ያለው ብቻ ነው።

አሮጌውን ሁሉ ማመስገን ግን ከእውነት መራቅ ይሆናል። ልጁ ዳዊቱን የሚደግመው በግእዝ ነው፤ ትርጕሙን አያውቀውም። ምሥጢሩ የሚገለጥለት ቅኔ ቤት የገባ እንደ ሆነ ነው፤ ብዙዎቹ ግን ከዚያ ሳይደርሱ ይቀሩ ነበር። አለንጋውንም የቀመሰ ያውቀዋል።

ከጠላት ወረራ በኋላ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተቋቋሙ። በ1935 ዓ.ም. በኮተቤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በ1938 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ ከኮልፌ እምብዛም በማይርቀው ሥፍራ፣ በብሪቲሽ ካውንስል አስተዳደር፣ የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ሥራውን ጀመረ። የስሙ ባለቤት በ1933 ዓ.ም. ከአርበኞቻችን ጋር በጎጃም በኩል የዘመተው እንግሊዛዊ መኰንን ነው። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች የሚዘጋጁት የሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ለሚያሰናዳው የማትሪኩሌሽን ፈተና ነበር። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከተቋቋመ በኋላ፣ የአገራችን የራሷ የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና በሎንዶኑ ቦታ ተተካ። ፈተናው ቢለወጥም ስሙ አልተለወጠም፤ እስከ ዛሬ እናቶቻችን «ልጄ ማትሪክ ተፈታኝ ነው» ይላሉ። አንድ የባዕድ ቃል ከአንድ አዋጅ ይልቅ ረጅም ዕድሜ ማግኘቱ የሚያስደንቅ ነው።

ከስሙ ጋር አንድ አዲስ የጥናት ልማድም ገባ። የፈተናው ውጤት የልጁን የወደፊት ኑሮ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚወስን ስለ ሆነ፣ ጥናቱ ሁሉ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ይከማች ጀመር። ተማሪዎቹ ራሳቸው «ችከላ» የሚል ስም አወጡለት። እንቅልፍን ለማባረር እግርን በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ማደር የጀግንነት ምልክት ሆነ። እኔም በተራዬ ነክሬ አድሬአለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያነበብኩት የታሪክ ደብተር በማግሥቱ ገጹ ሳይቀር በዓይኔ ይታየኝ ነበር፤ ጽሑፉ ግን አልነበረበትም። ያተረፍኩት ጉንፋን ብቻ ነው።

ኋላም ጥያቄው ከአራት መልሶች አንዱን መርጦ ክቧን ማጥቆር ሲሆን፣ ነገሩ ባሰበት። ትክክለኛውን መልስ አይቶ መለየትና ያለ ምንም ረዳት ከራስ ማውጣት የተለያዩ ናቸው፤ ደጋግሞ ያነበበ ተማሪ ገጹን ስለ ለመደው ብቻ ያወቀው ይመስለዋል። በዚህ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ዳዊቱን ትርጕሙን ሳያውቅ የሚደግመው ሕፃንና የባዮሎጂውን ደብተር ሳይገባው የሚሸመድደው ወጣት በዚህ ረገድ ወንድማማቾች ናቸው። ልዩነቱ፣ የፊተኛው በየዕለቱ የሚያሰማው መምህር ነበረው፤ የኋለኛው ብቻውን ነው።

ስለዚህ ጉዳይ የውጭ አገር ሊቃውንት ምን አገኙ? ኤቢንግሃውስ የተባለው ጀርመናዊ ትርጕም የሌላቸውን ፊደላት ራሱ በቃሉ እያጠና፣ ምን ያህሉ እንደሚጠፋ ለካ፤ ውጤቱንም በ1877 ዓ.ም. አሳተመ። በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው የድካም ፍሬ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ግን የመጥፋቱ ፍጥነት ይቀንሳል። ጥናቱን በየቀኑ ከፋፍሎ መመለስ በአንድ ጊዜ ከመከመር እንደሚሻልም አሳየ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ተመራማሪዎች ተማሪዎችን በቡድን ከፍለው አንድ ጽሑፍ አስጠኑ። አንደኛው ቡድን አራት ጊዜ ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቦ፣ ሦስት ጊዜ ጽሑፉን ሳያይ የሚያስታውሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ያነበቡት ከመቶ 40 ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሳያዩ የጻፉት 61 አስታወሱ። አድማጮቼ፣ ፈተና ከአምስት ደቂቃ በኋላ የሚመጣ ነገር አይደለም። የጎጃምና የጎንደር መምህራን ይህን ቁጥር ሳያዩ ሥራውን ይሠሩበት ነበር።

የኮልፌ ስም ከተነሣ አንድ የሩቅ አገር ተማሪ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በነበረው የፖሊስ ፈጥኖ ደራሽ ጦር ሠፈር የወታደራዊ ትምህርት ተከታትሏል። በሕይወት ታሪኩ እንደ ጻፈው፣ ቀኑ ለተግባር ልምምድ ነበር፤ ከአሥር ሰዓት በኋላ እስከ ምሽት ድረስ ደግሞ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ስለ ጦር ሥነ ጥበብ ያስተምሩት ነበር። ስድስት ወር የታሰበው ትምህርት በስምንት ሳምንት ተቋርጦ ወደ አገሩ ተጠራ። ጊዜ የሚያጥረው ለማትሪክ ተፈታኝ ብቻ አይደለም ማለት ነው። የዚያ ቀን አከፋፈል ግን ሊጠና ይገባዋል፤ ጧት በእጅ የተሠራው ማታ በቃል ይብራራ ነበርና።

ወደ ቅርቡ ዘመን ስንመጣ ነገሩ ያሳስባል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የመግቢያ ፈተናው አስቀድሞ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና ተሰጠ። ኩረጃን ለመከላከል በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈታኞቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ተፈተኑ፤ ከ896,520 ተፈታኞችም ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በተከታዩ ዓመት 3.2፣ ከዚያም በኋላ 5.4 ከመቶ ሆነ። የዚህን ሁሉ ምክንያት በልጆቹ ጥናት ላይ ብቻ መጣል ግፍ ነው፤ ወረርሽኝና ጦርነት ትምህርቱን አቋርጠውታል፤ የመጻሕፍትና የመምህራን እጥረትም አለ። ነገር ግን እነዚህን በአንድ ምሽት ማቃናት የማይቻል ሲሆን፣ የጥናቱን ልማድ ግን ዛሬ ማታ መጀመር ይቻላል።

ከቢሮ ወደ ቤቱ የሚመለስ አባት ወይም እናት «ኬሚስትሪ አላውቅም» ብሎ ማመካኘት አይገባውም። የሚፈለግበት መስማት ነው። ደብተሩን ይያዝና ልጁን «የዛሬውን በአማርኛ ንገረኝ» ይበለው፤ ልጁ የቆመበትን ቦታ በእርሳስ ያመልክት፤ ከዚያ በእንግሊዝኛ ያስደግመው። በማግሥቱ ከተመለከተው ቦታ ይጀመር፤ ከሳምንት በኋላም ሳይነገረው ይጠየቅ። እንቅልፉን ግን አይንኩበት።

አንድ ኮልፌ የሚኖር የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ እንዳጫወተኝ፣ አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ተፈታኝ ልጁም ደብተሯን አጥፋ «እንግዲህ የዛሬው ጥናት ቀረ» አለች። እርሱ በልጅነቱ የቃል ትምህርት የተማረ ሰው ነውና «አሁን ገና ተጀመረ፤ በይ፣ ቅጠል ምግቡን እንዴት እንደሚሠራ አጫውቺኝ» አላት። በጨለማው ውስጥ ከፀሐይ ብርሃን ተነሥታ እስከ ስኳሩ ስትደርስ፣ እርሱ «ውኃውስ ለምን አስፈለገ?» እያለ በጥያቄ ያቆማት ነበር። ሁለት ጊዜ ተደናቀፈች። መብራቱ ሲመጣ እናትየው ወደ ወጥ ቤት ስትነሣ፣ ልጅቱ ግን ሳይነግሯት ደብተሯን ከፍታ የተደናቀፈችበትን ቦታ ትፈልግ ጀመር።