የአይማክ ስክሪን ታሪክና የምትክ ፍለጋ

ይህን አጭር ጥናት ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ የከሸፈ ግዥ ነው። በ2011 የተሠራው የጓደኛችን አይማክ የስክሪኑ ግማሽ ስለ ጨለመ ምትክ ስንፈልግ፥ አንድ ነጋዴ «27 ኢንች ሁሉ አንድ ነው» ብሎ የ2012ን ሥሪት ሸጠልን። ሣጥኑን በከፈትን ጊዜ የፊቱ መስተዋት ከስክሪኑ ጋር ተጣብቆ አገኘነው፤ በአሮጌው አካል ላይም የሚቀመጥበት ስፍራ አልነበረውም። ልኩ ትክክል ሆኖ ሳለ ስለ ምን አልገጠመም? መልሱ በመሣሪያው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አፕል የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን አይማክ በ1998 ሲያወጣ ስክሪኑ እንደ ዱሮው ቴሌቪዥን ወፍራም የመስተዋት ቱቦ ነበረ። በ2002 ጠፍጣፋው ስክሪን መጣ፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በክቡ መቀመጫ ውስጥ፥ ስክሪኑም በክንድ ላይ ለየብቻ ነበሩ። ሁለቱን በአንድ ቀጭን አካል ያዋሐዳቸው የ2004ቱ ሥሪት ነው።

በ2009 ባለ 27 ኢንቹ ሲወጣ ከስክሪኑ በስተኋላ የሚበራው መብራት ኤል ኢ ዲ ሆነ። የፊቱ መስተዋት በማግኔት ብቻ የተያዘ ስለ ነበረ በላስቲክ መምጠጫ ተስቦ ይነሣል፤ ስክሪኑም ለብቻው ይወጣል። በ2012 ግን የአካሉን ጠርዝ 5 ሚሊሜትር ለማድረስ ሲባል መስተዋቱንና ስክሪኑን አንድ አድርገው ከአካሉ ጋር በሙጫ አጣበቁት። በጠረጴዛ ላይ ተተክሎ የሚውለውን መሣሪያ ከጎኑ ቆሞ የሚያየው ማን እንደ ሆነ አልገባንም።

ለፈላጊው ዋናው ነገር በስክሪኑ ጀርባ የተለጠፈችው ወረቀት ናት። ኤል ጂ የሠራቸው የ2011ና የ2012 ስክሪኖች ሁለቱም «ኤል ኤም 270 ደብልዩ ኪው 1» ይባላሉ፤ ሁለቱም 2560 በ1440 ነጥብ አላቸው። የሚለያቸው ከዚህ በኋላ ያለው ጥቂት ፊደል ነው፤ ይኸውም የጓደኛችን «ኤስ ዲ ኢ 3» ሲሆን የተሸጠልን «ኤስ ዲ ኤፍ 1» ነበረ። ነጋዴው የቁጥሩን ራስ አይቶ ጅራቱን ትቶታል፤ እኛም አላየንም። የ2014ቱማ ጭራሽ ሌላ ነው፤ 5120 በ2880 ሆኖ በዚያው 27 ኢንች ላይ አራት እጥፍ ነጥብ ስለ ያዘ የአሮጌው መሣሪያ ሰሌዳ ሊያሠራው አይችልም።

አፕል አንድን መሣሪያ መሸጥ ካቆመ 7 ዓመት ሲያልፍ ጊዜው ያለፈበት ብሎ ስለሚመዘግበው፥ ለ2011ዱ ከፋብሪካ የሚጠበቅ ነገር የለም። ሆኖም በዚያው ዘመን ሥሪት ላይ የደረሰ ሌላ ችግር ለእኛ ጠቀመን። በ27 ኢንቹ ውስጥ የነበረው ራዴዎን 6970ኤም የተባለው የሥዕል ካርድ በብዙዎቹ ስለ ተበላሸ ኩባንያው በ2013 በነጻ የመለወጥ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ዘመኑ ካለፈ በኋላ ካርዳቸው የሞተባቸው ግን ስክሪናቸው ደኅና እንደ ሆነ ተጥለዋል።

እኛም ከእነዚህ አንዱን አግኝተን፥ አስቀድመን ጀርባውን አስገልብጠን ጅራቱን አነበብን፤ «ኤስ ዲ ኢ 3» ነበረ። የጓደኛችን አይማክ አሁን ይሠራል። ያ የ2012ቱ ስክሪን ግን እስከ ዛሬ በግድግዳ ላይ ተደግፎ ቆሟል።