ሕዝበኛ እንጂ ሕዝባዊ አይባልም

«ቀኝ ዘመም ሕዝባዊ ፓርቲዎች የወጣቱን ድምፅ እያፈሱ ነው።» የአውሮፓ ምርጫ በመጣ ቁጥር እንዲህ ያለው ዜና ጆሮዬን ይቆረቁረዋል። «ቀኝ ዘመም» ደህና ነው፤ በ1789 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ ምክር ቤት ከሰብሳቢው ቀኝና ግራ በመቀመጥ የተጀመረውን ክፍፍል «ዘመመ» በሚለው ግሳችን አሳምሮ ይዞታል። የሚያናድደው «ፖፑሊስት»ን የተረጎሙበት «ሕዝባዊ» ነው። ፖፑሊስት ማለት አገሩን «ንጹሕ ሕዝብ» እና «ብልሹ ባለሥልጣን» ብሎ ለሁለት ከፍሎ፣ የሕዝቡ አፍ እኔ ብቻ ነኝ የሚል ፖለቲከኛ ነው። ይህን ሰው ሕዝባዊ ካልነው መረቅነው።

በእኛ ቋንቋ «-አዊ» ባሕርይን ያለብሳል፦ መንፈሳዊ፣ ሰብአዊ። ደርግ መንግሥቱን «ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ» ሲል የፈለገው ይህንኑ ክብር ነበር። «-ኛ» ግን ሰውየው በምን እንደሚታወቅ፣ በምን እንደተጠመደ ይናገራል። እርግጥ እውነተኛም አለ፤ ወደ ፖለቲካው ሲመጣ ግን ጎጠኛን፣ ዘረኛን፣ ወረተኛን ያስከትላል። ፈረሰኛ ከፈረሱ ጀርባ ላይ ነው፤ ሕዝበኛም ሕዝብ ላይ ተፈናጦ ይጋልባል። ስለዚህ ምርጫዬ «ሕዝበኛ» እና «ሕዝበኝነት» ነው።

«ሕዝብ አማላይ» የሚሉም አሉ። ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን መራጩን ከረሜላ ያታለለው ሕፃን ያደርገዋል። በ2024 እ.ኤ.አ. በጀርመን ቱሪንጂያ ግዛት ከ18 እስከ 24 ዓመት ከሆናቸው መራጮች 38 በመቶ ያህሉ «አማራጭ ለጀርመን» የተባለውን ቀኝ ዘመም ፓርቲ መርጠዋል። የቤት ኪራይ፣ የነገ ሥጋት፣ በነባር ፓርቲዎች መሰላቸት፣ ቲክቶክም ተደማምረው እንጂ ይህ ሁሉ ልጅ ተማልሎ ብቻ አይደለም።

ወደ ራሳችን እንምጣ። ነቀምቴ ካለው ወለጋ ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ይዞ፣ ሥራ አጥቶ ምሥራቅ ወለጋ ኪራሙ ወረዳ ውስጥ አባቱ ቤት የተቀመጠን ልጅ አስቡ። የአባቱ ማሳ ለወንድማማቾች ቢሸነሸን ለማንም አይበቃም። አካባቢው ከ2013 ዓ.ም ወዲህ በግጭትና በመፈናቀል ተንገላቷል። አፉን በኦሮምኛም ይፍታ በአማርኛ፣ በስልኩ የሚመጣው ድምፅ «ያንተን የወሰዱብህ እነዚያ ናቸው» ይለዋል። ልጁ የሚሰማው ማጣቱ እውነት ስለሆነ ነው፤ ሐሰቱ «እነዚያ» የሚለው ላይ ነው። «ተማለለ» ብሎ ማለፍ ማጣቱን ይሸፍነዋል፤ «ሕዝበኛ» ግን ወቀሳውን ወደ ጋላቢው ይመልሳል።

ይሁንና ቃሉን ስንይዝ «ቀኝ ዘመም»ን አብረን አንጎትት። የኛ የብሔር ጥያቄ የተወለደው ከግራዎቹ ነው፤ ዋለልኝ መኮንን ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈውን ጽሑፍ ያቀረበው በ1962 ዓ.ም በተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ነበር። በቄሮም ሆነ በፋኖ ስም የተነሣን ወጣት በአውሮፓ ወንበር ማስቀመጥ አያስኬድም። ብሔርተኝነትም ሌላ ነገር ነው። ኦሮምኛ «ሰቦኑማ» ይለዋል፤ በወገን መኩራት እንደ ማለት ነው። በወገኑ የኮራ ሁሉ ሕዝበኛ አይደለም፤ ኩራቱን መጋለቢያ ያደረገው ነው ሕዝበኛ።

«ሕዝባዊ» ለሚገባው ይቆይ። የኪራሙ ገበሬ በኦሮምኛም በአማርኛም ደቦ ብሎ ጎረቤቱን ጠርቶ የሚያርስበት ሥራ ሕዝባዊ ነው። መድረክ ላይ ወጥቶ «ሕዝቡ እኔ ነኝ» ለሚለው ሕዝበኛ ይበቃዋል።