መስተዋቱና እጁ፦ ሌንስና እርማት በወሎ ደጋ ታሪክ

በማኅበራችን ስብሰባዎች ላይም ሆነ ከስብሰባ በኋላ በሚደረገው የሻይ ሰዓት ጨዋታ፣ ፎቶግራፍን ለእንጀራ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ በያዙት አማተር አባሎቻችን መካከል ሁለት ክርክሮች ተቋርጠው አያውቁም። አንደኛው የሌንስ ክርክር ነው። ገሚሱ «ሌንስ ማለት የጠጉርን ዘለላ ከዘለላ የሚለይ ነው» ሲል፣ ገሚሱ ደግሞ «የሰው ፊት ካርታ አይደለም፤ ጠርዙን የሚያለሰልስ ሌንስ ይሻለዋል» ይላል። ሁለተኛው የእርማት ክርክር ነው። አንዱ ወገን ከካሜራ የወጣውን ሥዕል መንካት ከመዋሸት እንደማይለይ ሲናገር፣ ሌላው ወገን «ነጋቲቭ እህል ነው፤ ሳይፈጭና ሳይጋገር እንጀራ አይሆንም» ሲል ይመልስለታል።

እነዚህ ክርክሮች ላይ ላዩን ሲታዩ የምርጫና የጣዕም ጉዳይ ይመስላሉ። ይሁን እንጂ ታሪክን መለስ ብሎ ለሚመረምር ሰው የሌንሱ መስተዋትና የአራሚው እጅ የሰውን ዕድል፣ አልፎም የመንግሥትን ዕጣ የነኩበት ጊዜ አለ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከኩታበርና ከደሴ አካባቢ አንሥቶ እስከ መቅደላ ካለው የወሎ ደጋና ከዚያው ምድር ከወጡ ሰዎች ታሪክ ሦስት አጋጣሚዎችን በማውሳት፣ ክርክራችን ምን ያህል ሥር እንዳለው ማሳየት ነው።

በቅድሚያ ስለ አገሩ ብርሃን ጥቂት ማለት ይገባል። በኩታበር ደጋ ቆሞ ሩቅ ተራራ ያነሣ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በዓይን ጠርቶ የታየው ገደል በፊልም ላይ ገርጥቶና በጭጋግ ተሸፍኖ ይገኛል። ምክንያቱም በከፍታ ቦታ ላይ ዓይናችን የማያየው አልትራቫዮሌት ጨረር ስለሚበረታና ፊልም ይህን ጨረር ስለሚቀበል ነው። በጥቁርና ነጭ ፊልም የሚሠራ ሰው ቢጫ ማጣሪያ በሌንሱ ላይ ቢያደርግ ጭጋጉ ይቀንስለታል፤ ባያደርግ ይበረታበታል። እንግዲህ «እኔ ምንም አልነካም» የሚለው አባላችንም ቢሆን ማጣሪያውን በማድረግ ወይም በመተው ገና ቁልፉን ሳይጫን አንድ ነገር መርጧል ማለት ነው።

ከኩታበር ወደ ምዕራብ ሲታለፍ የተንታ አገር ይገኛል፤ የመቅደላ አምባም በዚያው ወገን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በዚያ አምባ ላይ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው ሲያሳልፉ፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የንጉሣዊ መሐንዲሶች ክፍል ፎቶግራፍ አንሺዎች አብረው ዘምተው ነበር። በዚያ ዘመን በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ የመስተዋት ሰሌዳ በኮሎዲዮን ቀብቶ፣ ቅባቱ ሳይደርቅ አንሥቶ፣ ሳይደርቅም በጨለማ ድንኳን ውስጥ ማጠብ ነበር። ወታደሮቹ የሚፈልጉት መንገዱን፣ ምሽጉንና ሰፈሩን የሚያሳይ የጠራ ማስረጃ ስለ ነበረ፣ በዛሬው ክርክራችን ቢመደቡ ከ«ዘለላ ለይ» ወገን ይሆናሉ።

በዚያው ዓመት የንጉሡ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ በ7 ዓመት ዕድሜው ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ በጉዞው ላይ ዐርፈው ነበር። ልጁ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1868 በዋይት ደሴት ሳለ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን በምትባል እመቤት ፊት ለፎቶግራፍ ተቀመጠ። ይህች ሴት ዛሬ ስሟ ከታላላቆቹ ጋር ይጠራ እንጂ፣ ካሜራ የያዘችው በ48 ዓመቷ ልጇና አማቿ በስጦታ ስለ ሰጧት ነበር። የመጀመሪያ ሌንሷ ፔትዝቫል በ1840 ባወጣው ንድፍ የተሠራ ሲሆን፣ ቀዳዳው ሰፊ በመሆኑ ዓይን ሲጠራ ጆሮ የሚደበዝዝበት ዓይነት ነበር። በ1866 ግን ዳልማየር የሠራውን አዲስ ሌንስ የያዘ ትልቅ ካሜራ ገዛች። ሌንሱ ቢለወጥም አሠራሯ አልተለወጠም። ሌንሱን ስታስተካክል ለዓይኗ ውብ ሆኖ ከታያት ቦታ ላይ ታቆመዋለች እንጂ እስከ መጨረሻው ጥራት አትገፋውም ነበር። የዘመኑ ባለሙያዎች ድብዝዝታውንና በሰሌዳው ላይ የሚቀረውን እንከን እንደ ጉድለት ቆጥረው ነቀፏት። ከነቃፊዎቿ አንዱ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ግን እርሱ ራሱ በ1858 አምስት ነጋቲቮችን አጋጥሞ አንድ ሥዕል የሠራ ሰው ነበር። የሌንስ ድብዝዝታን የማይታገሥ ሰው መቀጣጠልን ሊታገሥ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

የልዑሉን ፎቶግራፍ የሚያይ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሐዘን ይነበበዋል። ሐዘኑ እውነት ነው፤ እናቱንና አባቱን ካጣ ገና ጥቂት ወራት ነበር። ነገር ግን ካሜሮን አንድ ሥዕል ለማንሣት ደቂቃዎች ይፈጅባት ስለ ነበር፣ ልጁ «አትነቃነቅ» መባሉ የማይቀር ነው። በፊቱ ላይ የሚታየው ጸጥታ ስንቱ ከልቡ፣ ስንቱ ከሰሌዳው ዝግታ፣ ስንቱስ ከሌንሱ ልስላሴ እንደ መጣ መለየት አይቻልም። ልዑሉ በ18 ዓመቱ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1879፣ በባዕድ አገር ዐረፈ። ያ ለስላሳ ሌንስም ከወታደሮቹ ጥርት ያለ ሰሌዳ ይልቅ የልጅነቱን መልክ በልባችን አኖረው።

ሁለተኛው አጋጣሚ የእጅ ነገር ነው። በ20ኛው ምዕት ዓመት መባቻ አዲስ አበባ ውስጥ የፎቶግራፍ ሙያ ሥር ሲሰድ፣ እንደ ቦያጂያን ቤተሰብ ያሉ አርመናውያን ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። በየትኛውም አገር እንደሚደረገው ነጋቲቭን በእርሳስ መነካካትና ሥዕልን በቀለም ማሳመር የስቱዲዮ ሥራ አካል ነበር። በዚህ መካከል የንጉሥ ሚካኤል ልጅ፣ የደሴው ተወላጅ ልጅ ኢያሱ፣ ጥምጥም ጠምጥመው የሚያሳዩ ፎቶግራፎች ተሠራጩ፤ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል የሚለውን ክስም አጠናከሩ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ተነሡ፤ ጥቅምት 17 ቀን አባታቸው በሰገሌ ጦርነት ድል ሆነው ተማረኩ። የወሎ ሰው በብዛት ያለቀበት ቀን ነበር። ፎቶግራፉ በጨለማ ክፍል ውስጥ የተቀጣጠለ ነው የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተዘጋም። የሥልጣን ሽሚያው ብዙ ሌሎች ምክንያቶች ስለ ነበሩት አንድ ወረቀት ብቻውን መንግሥት ገለበጠ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የሚዘነጋ አንድ ቁም ነገር አለ፦ ሥዕሉ ያልተነካ ቢሆን እንኳ ልብስን ያሳያል እንጂ እምነትን አያሳይም። ሐሰቱ በእጅ ባይሠራ በትርጓሜ ሊሠራ ይችላል።

ሦስተኛው የመቁረጥና የማጋጠም ነገር ነው። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ በረኀብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፋፍኖት ነበር። እንግሊዛዊው ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም ሰማ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ይህንኑ ፊልም በቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕሎች እያፈራረቀ ለሕዝብ አሳየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ረኀቡ እውነት ነበር፤ ግብዣውም እውነት ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠው እጅ ግን የራሱ ዓላማ ነበረው። ዓላማ ስለ ነበረው ረኀቡ ሐሰት አይሆንም፤ ረኀቡ እውነት ስለ ሆነም የቆራጩ እጅ አልነበረም አይባልም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሦስት አጋጣሚዎች ለክርክራችን ምን እናገኛለን? ጥርት ያለ ሌንስ ብቻውን እውነተኛ፣ ለስላሳ ሌንስ ብቻውን ሐሰተኛ አለመሆኑን ከዓለማየሁ ሥዕል እንረዳለን። እርማት ሁሉ ኀጢአት ባይሆንም፣ የተመልካቹን ፍርድ የሚለውጥ እርማት ሳይነገር ሲቀር የሰው ደም ሊያስከትል እንደሚችል ከኢያሱ ዘመን እንማራለን። ያልተነኩ ሥዕሎችም ቢሆኑ በአቀማመጣቸው እንደሚናገሩ የረኀቡ ፊልም ይመሰክራል።

ዛሬ የእጅ ስልክ ራሱ ዳራውን በስሌት ያደበዝዛል፣ ፊትን ያለሰልሳል፣ ሰማዩን ያጠራል፤ ተጠቃሚው ሳይጠይቀውም ያርማል። ስለዚህ የጥንቱ ክርክር የጥቂት ባለሙያዎች መሆኑ ቀርቶ የሁሉም ሆኗል። ለአባሎቻችን የማቀርበው አሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዳችን የወደድነውን ሌንስ እንያዝ፤ የወደድነውንም እርማት እናድርግ። ነገር ግን መጀመሪያ የተነሣውን ሥዕል ሳንነካ እናኑር፤ ከሥዕሉ ጀርባም የት፣ መቼና በምን እንደ ተነሣ፣ ምን እንደ ተለወጠ እንጻፍ። ከመቶ ዓመት በኋላ ሥዕሉን የሚያይ ሰው ስለ እኛ የሚፈርደው በሌንሳችን ዋጋ ሳይሆን በዚያች አጭር ጽሑፍ ታማኝነት ይሆናል።