በመውደቅ ተሾመ፣ በመውደቅ ተሻረ

ደብረ ብርሃን ያደግሁ ደገኛ ብሆንም ገደል አልለመድሁም። አንኮበር፣ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከነበረበት ኮረብታ ቁልቁል ስመለከት ዛሬም ጉልበቴ ይከዳኛል። ከአውሮፕላን ራሱን የሚጥል ሰው ታሪክ የሚገርመኝ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ሂዩበርት ጁሊያን የትሪኒዳድ ተወላጅ ሲሆን፣ በ1915 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሐርለም ሰፈር ላይ በፓራሹት ዘልሎ ዝናን ያተረፈ ጥቁር አብራሪ ነበር። በ1922 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ዘለለ። በደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓራሹት ከቆላው ይልቅ ፈጥኖ ይወርዳል፤ እርሱ ግን በደኅና አረፈ። የኢትዮጵያ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግም ተሰጠው።

ደስታው አልሰነበተም። ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዝግጅት ሲደረግ፣ ጁሊያን ንጉሠ ነገሥቱ የሚወዷትን ጂፕሲ ሞዝ አውሮፕላን አስነሥቶ ከሰከሳት። ከአገር እንዲወጣም ተደረገ። በመውደቅ የተሾመ በመውደቅ ተሻረ።

ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ፓራሹት የአንድ ሰው ትርዒት መሆኑ ቀርቶ የሠራዊት ሙያ ሆነ። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የእስራኤል አሠልጣኞች ደብረ ዘይት ላይ፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የኢትዮጵያን አየር ወለድ አሠለጠኑ።

በትርዒት ቀን ጭብጨባው ለዘላዩ ነው። ሕይወቱ ያለችው ግን አስቀድሞ ፓራሹቱን በጥንቃቄ ባጠፈለት እጅ ላይ ነው። ጁሊያን ለብቻው ዘለለ፤ ለብቻውም ተሰናበተ። አየር ወለድ ግን ተራ ጠብቆ ነው የሚዘለው፤ ከፊቱም ከኋላውም ሰው አለ።