«ዲስትረስ»፤ የአንድ የጭንቅ ቃል ታሪክ

በመንገድ ጥገና ሥራ ላይ የተሰማራ መሐንዲስ ሁሉ በእጁ ይዞት የሚዞር አንድ ቅጽ አለ። ቅጹ በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ሲሆን፣ በአስፋልቱ ገጽ ላይ የሚታየውን ስንጥቅ፣ ጉድጓድ፣ እብጠትና ስርጉድ ሁሉ በአንድ የወል ስም ጠቅልሎ «ዲስትረስ» ይለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥቁር መረሬ አፈር ላይ ስለተሠራ አንድ መንገድ የተሞላውን እንዲህ ያለ ቅጽ ወደ አማርኛ መልሼ ሪፖርት እንዳቀርብ ታዝዤ ነበር። መዝገበ ቃላት ብገልጥ «ጭንቅ፣ ጭንቀት፣ መከራ» የሚል አገኘሁና ብዙም ሳላመነታ «የመንገድ ጭንቀት ጥናት» የሚል ርእስ ሰጠሁት። ሪፖርቱን የተቀበሉት ኃላፊ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ለመሆኑ የተጨነቀው መንገዱ ነው ወይስ መንገደኛው?» ሲሉ ጠየቁኝ። በስብሰባው ላይ የነበረው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ከሳቁ በኋላም አልለቀቀኝም። ቃሉ ከየት ተነሥቶ በአስፋልት ላይ ሊያርፍ እንደቻለ ለማወቅ ያደረግሁት ምርመራ ነው ይህን ጽሑፍ ያስገኘው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ስትሪንጌሬ» ማለት ማጥበቅ፣ አጥብቆ ማሰር ማለት ሲሆን፣ «ዲ» የሚለው መነሻ ሲጨመርበት ወዲያና ወዲህ ወጥሮ መያዝን ያመለክታል። የእኛም ቋንቋ ለዚህ ምስል እንግዳ አይደለም። የተጨነቀ ሰው «ጭንቅ ጥብብ አለኝ» ሲል ጭንቅን ከጥበት ጋር ያስተሳስራል፤ «ውጥረት» የምንለውም ቆዳን ወይም ከበሮን ከመወጠር የመጣ ነው። ላቲኑ በጥንታዊ ፈረንሳይኛ በኩል አድርጎ፣ ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ከገዢዎቹ ቋንቋ ጋር ወደ እንግሊዝኛ ገባ። ከ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ ሁለት ትርጉሞች ጎን ለጎን ይገኙበታል፤ አንደኛው የልብ ጭንቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው የሕግ ነው።

የሕጉ ትርጉም ዛሬ ለብዙዎቻችን እንግዳ ይሁን እንጂ ታሪኩ የሚጥም ነው። «ዲስትረስ» ማለት ባለመሬቱ ኪራይ ያልከፈለውን ጭሰኛ ንብረት፣ በተለይም ከብቱን፣ ነድቶ በረት አስገብቶ ዕዳው እስኪከፈል ድረስ መያዝ ማለት ነበር። የተያዘው ከብት እንዲሁ ይቆያል እንጂ በመሠረቱ አይሸጥም፣ ሥራም አይሠራበትም ነበር፤ ዓላማው ባለዕዳውን አጥብቦ ማስከፈል ነውና። የመሸጥ መብት የመጣው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የእርሻ ከብትና የሙያ መሣሪያ ሌላ የሚያዝ ንብረት እስካለ ድረስ አይነካም ነበር። አያያዙ ግፍ ስለበዛበት በንጉሥ ሄንሪ ሣልሳዊ ዘመን በ1267 የወጣው የማርልበሮ ድንጋጌ ልክ አበጀለት። የሚያዘው ንብረት ከዕዳው ጋር ይመጣጠን፣ ከብቱም ከአውራጃው ወጥቶ አይነዳ አለ። ከሁሉ ይልቅ እኔን የገረመኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው፤ ከንጉሡና ከሹሞቹ በቀር ማንም ሰው በንጉሡ አውራ ጎዳና ላይ ዲስትረስ እንዳይፈጽም ይከለክላል። እኛ ዘወትር በአውራ ጎዳና ላይ የምንቆጥረው ዲስትረስ ከ750 ዓመት በፊት በሕግ የተከለከለ ነበር ማለት ነው። የኪራይ ዕዳን በዚህ መንገድ ማስከፈል በእንግሊዝና በዌልስ ጨርሶ የቀረው በቅርቡ፣ በ2014 ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላንሣ። በመሥሪያ ቤቶቻችን «ዲስትሪክት» የምንለው ቃልም የዚሁ ቤተ ሰብ አባል ነው። መጀመሪያ ላይ ዲስትሪክት ማለት አንድ ጌታ የማስገደድ ሥልጣኑ የሚደርስበት ክልል ማለት ነበር። የጥገና ዲስትሪክቱ ስለ ዲስትረስ ሪፖርት ሲጽፍ ሁለት ወንድማማች ቃላት ሳይተዋወቁ በአንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ።

ቃሉ በሕዝብ አፍ ሲመላለስ የመጀመሪያው ክፍለ ቃል ተሸራርፎ ወደቀና፣ ከዲስትረስ «ስትረስ» የሚለው አጭር ቃል ተገኘ፤ ሌላ የፈረንሳይኛ ቃልም ያገዘው ይመስላል። ስትረስ ለብዙ መቶ ዓመታት መከራ፣ ጫና፣ ግዴታ ማለት ሆኖ ከኖረ በኋላ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ እኛ ሙያ ገባ። ሮበርት ሁክ በ1678 የመለጠጥን ሕግ ሲያትም፣ ኃይልና መለጠጥ አብረው እንደሚያድጉ ተናገረ እንጂ በአካሉ ውስጥ ስለሚሆነው የሚናገር የተለየ ቃል አልነበረውም። ፈረንሳዊው ኮሺ በ1822 በአንድ ጠጣር አካል ውስጥ በማናቸውም ነጥብና በማናቸውም ገጽ ላይ የሚያርፈውን ውስጣዊ ኃይል በሒሳብ ገለጠ። ለዚህ በእንግሊዝኛ ስም የሰጠው ግን ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ዊልያም ራንኪን ነው። ራንኪን በ1850ዎቹ በጻፋቸው ጽሑፎች፣ በተራ ንግግር እንደ መንትያ ይነገሩ የነበሩትን ሁለት ቃላት ለያያቸው። ስትረስ ውስጣዊው ኃይል፣ «ስትሬን» ደግሞ የአካሉ የቅርጽ ለውጥ ሆነ። የመጀመሪያው በኒውተንና በካሬ ሚሊሜትር ይለካል፤ ሁለተኛው የርዝመት ለርዝመት ንጽጽር ስለሆነ መለኪያ የለውም። በእኔ አስተያየት ይህ መለየት ከብዙ ቀመሮች ይበልጣል። ከዚያ ወዲህ መሐንዲስ ጭነትን፣ በአካሉ ውስጥ ያለውን ኃይልና የሚታየውን ለውጥ በሦስት ስም ለይቶ ሊጠራ ቻለ።

ከሰማንያ ዓመታት ያህል በኋላ ሐኪሞች ቃሉን ተበደሩን። በቪየና ተወልዶ በሞንትሪያል በማክጊል ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ሃንስ ሴልዬ አዲስ ሆርሞን ፍለጋ አይጦችን የዕጢ ጭማቂ ሲወጋ፣ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ማበጣቸውን፣ የታይመስ ዕጢ መሟሸሹንና ጨጓራ መቁሰሉን አየ። ነገር ግን መርዝ ቢወጋቸውም፣ በብርድ ቢያስቀምጣቸውም ያው ሆነ። ይህንኑ በ1936 «ኔቸር» በተባለው መጽሔት በአጭር ደብዳቤ አስታወቀ። በኋላ ይህን የአካል ምላሽ ስትረስ ብሎ ሲጠራው ቃሉ በዓለም ተሰራጨ። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሴልዬ ስትረስ ያለው በአካሉ ላይ የሚታየውን ውጤት ነው፤ ራንኪን ቢጠየቅ ስትሬን ይለው ነበር። ሴልዬ ራሱ በስተእርጅናው፣ በዚያን ጊዜ እንግሊዝኛው ሁለቱን ለመለየት ያልበቃ እንደነበር ተናዝዟል። ለመንስኤው የሚሆን ስም ስላልቀረለት «ስትረሰር» የሚል አዲስ ቃል ፈጠረ፤ በ1974 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ የሚጠቅመውን ስትረስ ከሚጎዳው ለመለየት ሲል ጎጂውን ዲስትረስ አለው። አንድን ቃል ከመንትያው ለማስታረቅ ሰባት መቶ ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ግድ ሆነ።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። መንስኤና ውጤት በአንድ ስም ሲጠሩ ተጠያቂውን መሰወር ይቀላል። በኋላ ለሕዝብ ይፋ የሆኑ የትምባሆ ኩባንያዎች ሰነዶች እንዳረጋገጡት፣ ሴልዬ ከዚህ ኢንዱስትሪ ገንዘብ ይቀበል ነበር፤ በ1969 ለካናዳ ፓርላማ ኮሚቴ በሰጠው ምስክርነትም ማጨስ ስትረስን ሊያቃልል እንደሚችል ተናግሯል። ኩባንያዎቹ የልብ በሽታን በሲጋራ ፈንታ በስትረስ ማሳበብን ይፈልጉ ነበር። ስትረስ ማንም የማይከሰስበት፣ ሁሉ ያለበት ነገር ነውና ለዚህ ተስማሚ ነበር።

ወደ መንገዳችን እንመለስ። በ1970ዎቹ የአሜሪካ ጦር የመሐንዲሶች ክፍል የመንገድን ሁኔታ ከ0 እስከ 100 የሚመዝን ዘዴ ሲያዘጋጅ፣ የእያንዳንዱ ዲስትረስ ዓይነት፣ የጉዳት ደረጃና መጠን እየተመዘገበ ከ100 ላይ እንዲቀነስ አደረገ። ዘዴው ጥሩ ነው፤ እኔም እሠራበታለሁ። ሆኖም በዓይን የሚታየው ዲስትረስ እንጂ ስትረስ በዓይን አይታይም። የአዞ ቆዳ የሚመስለው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የተደጋጋሚ ጭነት ድካም ምልክት ሲሆን፣ በመረሬ አፈር ላይ በመንገዱ ዳር ዳር በረጅሙ የሚሄደው ስንጥቅ ግን ከተሽከርካሪ ጋር እምብዛም ግንኙነት የለውም። አፈሩ በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ዳርና ዳሩ ቀድሞ ሲደርቅ ይሸማቀቃል፤ መንገዱም በጠርዙ ይቀደዳል። ሁለቱም በቅጹ ላይ ዲስትረስ ናቸው፤ መድኃኒታቸው ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው።

ያ «የመንገድ ጭንቀት» የተባለው ሪፖርቴም ያስከተለው ይህንኑ ነበር። ሪፖርቱ ስንጥቆቹን በሜትር ቆጥሮ አስፍሯል፤ መሥሪያ ቤቱም በሜትር በጀት መድቦ ስንጥቆቹን በሬንጅ አስደፈነ። ስለ ዳር ቦይና ስለ ትከሻው መሸፈኛ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ማንም አልጠየቀም፤ ጥፋቱ ከሁሉ በፊት የእኔ ነው። በሁለተኛው በጋ ስንጥቆቹ ሬንጁን እንደያዙ ከጎኑ ተከፈቱ። ከዚያ ወዲህ በማዘጋጀው ቅጽ ላይ «ጭንቀት» የሚለውን ሰርዤ «የጉዳት ምልክት» የሚል ዓምድ፣ ከጎኑም «መንስኤ» የሚል ሌላ ዓምድ አስገብቻለሁ። ሁለተኛው ዓምድ ጉድጓድ ቆፍሮ የአፈር ናሙና ማውጣትን ስለሚጠይቅ፣ ከመስክ ከሚመለሱልኝ ቅጾች በብዙዎቹ ላይ እስካሁን ባዶ ነው።