መንገድ የመምረጥ ዕውቀት፤ ከጎንደር ሲራራ ንግድ እስከ ራውተር ፈተና

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1636 ገደማ በዐፄ ፋሲለደስ ዘመን መናገሻ ሆና ከተቆረቆረች በኋላ የመንግሥት መቀመጫ ብቻ ሳትሆን የመንገዶች መገናኛም ነበረች። በወገራ አልፎ፣ የሊማሊሞን ቁልቁል ወርዶ፣ ተከዜን ተሻግሮ በዐድዋ በኩል ወደ ምጽዋ የሚያደርሰው፣ በመተማ በኩል ወደ ስናር የሚወስደው፣ ጣናን እየታከከ ወደ ጎጃምና ከዓባይ ማዶ ወዳሉት አገሮች የሚዘልቀው መንገድ ሁሉ ከዚህች ከተማ ይነሣ ነበር። የሲራራ ነጋዴ ጭነቱን ከማንሣቱ አስቀድሞ ተከዜ መሙላት አለመሙላቱን፣ በየኬላው የሚከፈለውን ቀረጥ፣ ወባ ያለበትን ቆላና የመንገዱን ጸጥታ መመርመር ነበረበት። መንገዱ አጭር መሆኑ ብቻውን አያስመርጠውም ነበር።

ዛሬ በኮምፒዩተር ኔትወርክ ላይ ራውተር የሚባለው መሣሪያ የሚያከናውነው ተግባር በመሠረቱ ይኸው ነው። የደረሰውን መልእክት የአድራሻውን ቁጥር ያነባል፤ በውስጡ ከያዘው የመንገድ ሰንጠረዥ ጋር ያስተያያል፤ ወደ ቀጣዩ ጣቢያም ያሳልፋል። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ለዚህ ሙያ የሚሰጠውን የብቃት ፈተና ለማለፍ ምን ዓይነት ዕውቀት ያስፈልጋል፣ ይህንንስ ዕውቀት መስጠት የማን ኃላፊነት ነው የሚል ነው።

የሙያው ታሪክ በአገራችን ከስልክ ይጀምራል። በዐፄ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 የተጀመረው የአዲስ አበባና የሐረር መስመር 477 ኪሎ ሜትር ርዝመት እንደነበረው ተመዝግቧል። የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በ1945 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የኢንተርኔት አገልግሎት በ1989 ዓ.ም. ተጀመረ። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የወረዳ አስተዳደሮችን የሚያገናኘው ወረዳኔትና ትምህርትን በፕላዝማ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሚያደርሰው ስኩልኔት ሲዘረጉ፣ መሣሪያውን ከመግዛት ይልቅ መሣሪያውን የሚያዝ ሰው ማግኘት ከባድ መሆኑ ታየ። ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሲኤንኤ የሚለውን የሙያ ፈተና ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ከ2000 ጀምሮም የኩባንያው የሥልጠና መርሐ ግብር ለታዳጊ አገሮች ሲዳረስ ወደ ኢትዮጵያ ገብቷል። በጎንደር በ1947 ዓ.ም. በጤና ማሠልጠኛነት የተመሠረተው ተቋም በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ከሆነ በኋላ ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ኮሌጅም አለው። ስለዚህ ሙያው ለደጋው ወጣት ከእንግዲህ ሩቅ አይደለም።

ይሁን እንጂ ይህ ጸሐፊ በልዩ ልዩ የሥልጠና ክፍሎች እንደታዘበው፣ አብዛኛው ሠልጣኝ የሚደክመው የትእዛዝ ቃላትን በቃሉ ለመያዝ ነው። የፈተናው የራሱ ታሪክ የዚህን አካሄድ ጉዳት ያሳያል። አርአይፒ የተባለው ቀደምት የመንገድ መምረጫ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1988 በደረጃ መልክ የወጣ ሲሆን፣ የመንገድን መልካምነት የሚመዝነው በመካከል ባሉት ጣቢያዎች ብዛት ብቻ ነው፤ ከ15 ካለፈም መንገድ የለም ይላል። እንግዲህ ሁለት ጣቢያ ያለውን ቀርፋፋ መስመር ሦስት ጣቢያ ካለው ፈጣን መስመር ያስበልጣል ማለት ነው። ተከዜ ሞልቶ ሳለ መንገዱ አጭር ነው ብሎ የሚነሣ ነጋዴ ይመስላል። በኋላ የመጣው ኦኤስፒኤፍ ግን የእያንዳንዱን መስመር ዋጋ ደምሮ ያመዛዝናል፤ ስሌቱም የሆላንዱ ተወላጅ ኤድስኸር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተመው ዘዴ ላይ የቆመ ነው። ፈተናው እ.ኤ.አ. በ2020 ሲሻሻል አርአይፒ ቀርቶ ኦኤስፒኤፍ ጸና። የአርአይፒን ትእዛዞች ብቻ ያጠና ሰው ድካሙ ከንቱ ሲቀር፣ መንገድ የሚመዘንበትን ምክንያት የተረዳው አዲሱን ለመልመድ ብዙ አይቸገርም።

በዚሁ ማሻሻያ በወጣው ድልድል መሠረት ፈተናው 120 ደቂቃ ይወስዳል፤ የአድራሻና የመንገድ ጉዳይ የሚጠየቅበት ክፍልም 25 በመቶ በመሆኑ ከሁሉ ይበልጣል። በአማርኛ አይሰጥም። ነገር ግን ከቋንቋው ይልቅ ተፈታኙን የሚያሰናክለው ሒሳቡ ነው፤ ሒሳቡም ባይናሪ የሚባለው የ0ና የ1 አቆጣጠር ነው።

ለዚህ መግቢያ የሚሆን ዘዴ ከቤታችን አይጠፋም። በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ የሚጠራውን እንውሰድ። 13ን በ24 ለማባዛት በግራ 13ን እየገመሱ፣ ትራፊውን እየጣሉ 13፣ 6፣ 3፣ 1 ይጽፋሉ፤ በቀኝ 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192 ይጽፋሉ። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን ረድፍ፣ ማለትም የ6ን፣ ሰርዘው የቀሩትን 24፣ 96ና 192 ሲደምሩ 312 ይመጣል። ዘዴው የሚሠራው 13 የ8፣ የ4ና የ1 ድምር ስለሆነ ነው፤ በባይናሪም 1101 ተብሎ ይጻፋል። ተማሪው ይህን ካየ በኋላ 192 የ128ና የ64 ድምር መሆኑን ሲሰማ አይደነግጥም።

አሁን ለምሳሌ ያህል 192.168.10.0 የሚለውን አድራሻ በጎንደር፣ በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ ላሉ አራት ትምህርት ቤቶች እናካፍል። ጭምብሉ 255.255.255.192 ሲሆን እያንዳንዱ ድርሻ 64 አድራሻ ይኖረዋል፤ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ለኮምፒዩተር ስለማይሰጡ የሚሠራባቸው 62 ናቸው። ድርሻዎቹ በቅደም ተከተል ከ0፣ ከ64፣ ከ128ና ከ192 ይጀምራሉ። በ130 የሚያልቀው አድራሻ የማን ነው ቢባል በ128ና በ191 መካከል ስለሚውል የዳባት ነው። ይህን ያለ ኮምፒዩተር በግማሽ ደቂቃ የሚመልስ ተፈታኝ ለፈተናው ተቃርቧል።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ክህሎት ሰንጠረዥ ማንበብና ብልሽት መፈለግ ነው። አንድ አድራሻ በሁለት ረድፍ የሚስማማ ከሆነ ራውተሩ ይበልጥ ዝርዝር የሆነውን ይከተላል፤ «ወደ ሰሜን» ከሚለው ይልቅ «ወደ ደባርቅ» የሚለውን እንደ መምረጥ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ስሕተት ግን የመመለሻው መንገድ መረሳቱ ነው። ጥያቄው ከጎንደር ደባርቅ ይደርሳል፤ የደባርቁ ራውተር ግን ወደ ጎንደር የሚመልሰውን መንገድ አያውቅም። ሠልጣኙም የመሄጃውን መስመር ደጋግሞ ሲመረምር ይውላል። በበጋ ተከዜን ተሻግሮ ሄዶ በክረምት መመለሻ ያጣው ነጋዴ ታሪክ እዚህ ላይ ቢነገር ክፍሉ ቶሎ ይረዳዋል።

ዕቅድ አውጪዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያስቡበት ይገባል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ በነበረበት ወቅት፣ ትምህርቱን በሙሉ በኢንተርኔት ላይ ያደረገ ሠልጣኝ ሁሉ ያለ መጽሐፍ ቀረ። የአድራሻ ድልድል ግን በጠመኔና በሰሌዳ ይማሩታል። ፓኬት ትሬሰር የተባለው የመለማመጃ ፕሮግራምም አንድ ጊዜ በኮምፒዩተር ላይ ከተጫነ አብዛኛውን ልምምድ ያለ መስመር ያሠራል። ስለሆነም ከሥልጠናው ሰዓት የመጀመሪያው ሲሶ ለሒሳብ መምህር ቢሰጥ፣ የመንገድ ሰንጠረዦችም በወረቀት ተባዝተው ለደባርቅና ለዳባት ትምህርት ቤቶች ቢላኩ ወጪው የወረቀትና የቀለም ብቻ ይሆናል።