አምስተኛው ነብር፦ ዣዎ ዩን ወደ ዝርዝሩ እንዴት ገባ?

ስለ ቻይና የሦስቱ መንግሥታት ዘመን ድራማ አይተው ወይም ጌም ተጫውተው ከሆነ፣ «አምስቱ የነብር ጄኔራሎች» የሚባሉትን ሳያውቋቸው አይቀርም። ቬትናሞች «ንጉ ሆ ቱዎንግ» ይሏቸዋል። ስሙ ከቻይንኛ የተወረሰ ነው፦ «ንጉ» አምስት፣ «ሆ» ነብር፣ «ቱዎንግ» ጄኔራል። (ነብር ስንል የኛን አገር ባለ ነጠብጣቡን ሳይሆን ጥቁር መስመር ያለውን የእስያውን ታይገር ነው።) ጓን ዩ፣ ዣንግ ፌይ፣ ዣዎ ዩን፣ ማ ቻዎ እና ኋንግ ዦንግ፤ አምስቱም የሹ መንግሥት መሥራች የሊዩ ቤይ የጦር አበጋዞች ነበሩ።

ታዲያ ይህን ማዕረግ ማን ሰጣቸው? ልቦለዱን ከጠየቁት ሊዩ ቤይ ራሱ ነው ይልዎታል። የታሪክ መዝገቡን ከጠየቁት ግን ማንም አልሰጣቸውም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ219 ሊዩ ቤይ የሃንዦንግ ንጉሥ ሲሆን ሹመት ሰጠ። ጓን ዩ የፊት፣ ዣንግ ፌይ የቀኝ፣ ማ ቻዎ የግራ፣ ኋንግ ዦንግ የኋላ ጄኔራል ተባሉ። ፊታውራሪን፣ ቀኛዝማችንና ግራዝማችን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ አዲስ አይሆንበትም። እንግዲህ ይቁጠሩ፤ አራት ናቸው። ዣዎ ዩን የለም!

አራቱም ቢሆኑ ያለ ኩርፊያ አልተሾሙም። ጓን ዩ «ከሽማግሌ ወታደር ጋር እኩል አልሰለፍም» ብሎ እምቢ አለ። ሽማግሌ ያለው ኋንግ ዦንግን ነው፤ ሰውየው እኮ በዚያው ዓመት በዲንግጁን ተራራ የጠላትን አዛዥ ሺያሆው ዩዋንን የጣለ ነው! ሹመቱን ይዞ የሄደው ፌይ ሺ በስንት ማግባባት አስቀበለው።

ወደ ዣዎ ዩን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ208 ሊዩ ቤይ ቻንግባን ላይ ሚስቱንና ልጁን ጥሎ ሲሸሽ፣ ሕፃኑን ታቅፎ እናቱንም ጠብቆ ያወጣው እሱ ነበር። ያ ሕፃን፣ ሊዩ ሻን፣ አድጎ ነገሠ። በ260 ለሞቱ ጀግኖች የክብር ስም ሲሰጥ አራቱ ጄኔራሎችና አማካሪው ፓንግ ቶንግ አገኙ። አሁንም አምስት ሰው፣ አሁንም ዣዎ ዩን የለም። ጄኔራል ጂያንግ ዌይና ሌሎች ተከራክረውለት በ261 ተሰጠው፤ ከሞተ 32 ዓመት ሆኖት ነበር። ታቅፎ ያዳነው ንጉሥ ይህን ያህል ማዘግየቱ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔን ያበሳጨኛል።

ውለታውን የከፈሉለት ጸሐፊዎች ናቸው። በዚያው በ3ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ ጸሐፊው ቼን ሾው የአምስቱን የሕይወት ታሪክ በአንድ ምዕራፍ አሰባሰበ። ማዕረግ አልፈጠረላቸውም፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው እንጂ። ተረት ነጋሪዎች ከዚያ በኋላ ለመቶዎች ዓመታት ሲያወሯቸው ቆዩ፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለኖረው ለሉዎ ጓንዦንግ የሚሰጠው ልቦለድም በ219ኙ ሹመት ላይ ዣዎ ዩንን ጨምሮ አምስቱን «ነብር» አላቸው። ዛሬ ብዙ ሰው ከአምስቱ ማንን ትወዳለህ ቢባል እሱን ነው የሚጠራው።

ስሙ ቬትናም ሲደርስ ለአገሬው ሰዎችም ዋለ። በ1802 ዢያ ሎንግ ተብሎ የነገሠው ንጉየን አን፣ በደቡብ ካሉት የጦር አዛዦቹ አምስቱ «የዢያ ዲን ንጉ ሆ ቱዎንግ» ይባላሉ። የአንዱ፣ የሌ ቫን ዙዬት፣ መቃብር ሆ ቺ ሚን ከተማ ውስጥ ነው፤ ሰው ዛሬም ዕጣን ይዞ ይሄድበታል።